የአማርኛ መጽሐፍ በስልክ ሲያስቸግር፦ ከፒዲኤፍ እስከ ኢፐብ፣ ደረጃ በደረጃ

የአማርኛ መጽሐፍ በስክሪን ማንበብ ዛሬም ትዕግሥት ይጠይቃል። ፋይሉ በቴሌግራም ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ከዚያ ጣጣው ይጀምራል። አንዱ ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቆ አይታይም። ሌላው ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ሦስተኛው ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ግን አንድ ቃል ለመፈለግ ስትሞክሩ ምንም አያገኝም።

ብዙ ሰው "ስልኬ አይችልም" ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ ፋይሉ የተሠራበት መንገድ ነው። መንገዱን ካወቃችሁ ደግሞ አብዛኛው ችግር ቤት ውስጥ፣ በነጻ ፕሮግራም ይፈታል። የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ለሚኖር ሰው፣ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ዘርዝሬ የምጽፈው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሰው ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ለአንዱ ችግር የሌላውን መድኃኒት ሲሞክር ነው።

ፋይሉን ክፈቱና አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ አቆዩ። ቃሉ ከተመረጠ ኮፒ አድርጉትና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መልእክት በምታስቀምጡበት ቦታ ፔስት አድርጉት። ከአራት ነገሮች አንዱን ታያላችሁ።

ቃሉ ጭራሽ ካልተመረጠ፣ ገጹ ፎቶ ነው። መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ወይም በስልክ ተነስቶ የተቀመጠ ነው። ለእናንተ ፊደል ቢመስልም ለስልኩ ሥዕል ነው። ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።

ቃሉ ተመርጦ፣ ፔስት ሲደረግ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ፣ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ የአማርኛ ፎንት ነው። ደረጃ 4 የእናንተ ነው።

ፔስት ያደረጋችሁት ትክክለኛ አማርኛ ከሆነ፣ እሰየው፣ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የቀረው የመጠንና የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። ደረጃ 2 ይበቃችኋል።

በመጨረሻም፣ ገጹ ላይ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚታይ ከሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ሳጥን ማለት ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ መሣሪያው ግን የሚያሳይበት ፎንት የለውም ማለት ነው። ይህ በደረጃ 5 ይድናል። እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቷል። ምንም ፎንት ብትጭኑ አይመለስም። ፋይሉን የላከላችሁን ሰው ዋናውን ቅጂ እንደገና ጠይቁት።

ደረጃ 2፦ ጤነኛ ግን የደቀቀ ፒዲኤፍ

ፒዲኤፍ በ1993 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአዶቢ የወጣው ሰነድ የትም ቢከፈት ገጹ ሳይለወጥ እንዲታይ ነው። ለማተሚያ ቤት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለስልክ ግን ጣጣ ነው፤ ገጹ ከስክሪኑ ጋር አይጣጣምም።

ሒሳቡን ተመልከቱ። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ነው። የስልክ ስክሪን ስፋት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ12 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ስልክ ላይ ወደ 4 ነጥብ ይወርዳል። እንግሊዝኛ አንባቢም በዚህ ይማረራል፣ የእኛ ግን ይብሳል። "ቢ" እና "ቤ"ን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለችው ትንሽ ጭረትና ትንሽ ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲደቅ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። አንባቢው ቃሉን እየገመተ ይሄዳል፣ ዓይኑም ቶሎ ይደክማል።

መጀመሪያ ህዳጉን ቁረጡ። ሪድኤራም ሆነ ኬኦሪደር የሚባሉት የንባብ አፖች የገጹን ባዶ ጠርዝ የሚቆርጥ አማራጭ አላቸው። ህዳጉ ሲሄድ ጽሑፉ ስክሪኑን ይሞላል። ቀጥሎ ስልኩን አግድም ያዙት። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ፊደሉን በግልጽ ያተልቁታል።

ያ ካልበቃ ኬኦሪደርን ሞክሩ። ነጻ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ይሠራል። የፒዲኤፉን መስመር ቆራርጦ ለስክሪኑ እንዲመጥን እንደገና የሚደረድር አማራጭ አለው። የሚገርመው፣ ገጹን እንደ ሥዕል አይቶ ቃል በቃል ስለሚቆርጥ ስካን በተደረገ መጽሐፍም ይሠራል። አንድ ዓምድ ባለው ልብ ወለድ ላይ ጥሩ ነው። ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ በበዛበት ገጽ ላይ ግን ያምሳል።

ታብሌት ካላችሁ ደግሞ ብዙ አትድከሙ። 10 ኢንች ስክሪን ላይ አብዛኛው ፒዲኤፍ እንዳለ ይነበባል።

ደረጃ 3፦ ገጹ ፎቶ ከሆነ

እዚህ የሚያስፈልገው ኦሲአር ነው፤ ማለትም ከሥዕል ላይ ፊደል የሚለቅም ፕሮግራም። በነጻ ከሚገኙት ውስጥ የታወቀው ቴሰራክት ነው። የአማርኛም የትግርኛም የቋንቋ ፋይል አለው። ቴሰራክት ራሱ በትእዛዝ መስመር ስለሚሠራ ለጀማሪ አይመችም። ኤንኤፒኤስ2 የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ቴሰራክትን በውስጡ ይዞ በቁልፍ ያሠራችኋል። ፒዲኤፉን አስገቡ፣ ኦሲአር የሚለውን ተጫኑ፣ ከቋንቋ ዝርዝሩ አማርኛን አውርዱ፣ ከዚያ እንደ ፒዲኤፍ መልሳችሁ አስቀምጡ። ምስሉ እንዳለ ይቀራል፣ ከሥሩ የማይታይ ጽሑፍ ይነጠፋል። አሁን ቃል መፈለግና ኮፒ ማድረግ ይቻላል።

እኔ ይህን ዓይነቱን ፋይል የምመርጥበት ምክንያት አለ። አማርኛ ኦሲአር ይሳሳታል። አናታቸው ላይ ባለች ጭረት ብቻ የሚለያዩ ፊደሎች አሉን፦ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ሰ እና ሸ። ስካኑ ትንሽ ከደበዘዘ ጭረቷ ትጠፋለች፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ምስሉ ከላይ ካለ ግን ዓይናችሁ የሚያነበው ዋናውን ገጽ ነው። ስህተቱ የሚነካው ፍለጋውን ብቻ ነው።

ጽሑፉን ለብቻው ማውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ጎግል ድራይቭም አለ። ፋይሉን ጫኑ፣ በጎግል ዶክስ ክፈቱት ብላችሁ እዘዙ፣ ፊደሉን ለቅሞ ያወጣል። መጽሐፉን ሙሉውን አንዴ አትስጡት። ምዕራፍ ምዕራፉን ቆርጣችሁ አስገቡ። ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ከዋናው ጋር እያስተያየ ማረም አለበት፤ ለዚህ አቋራጭ የለውም። በተለይ የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ቁጥር ላይ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። የግእዝ ቁጥሮች ላይማ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስካን የምታደርጉት ራሳችሁ ከሆናችሁ ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንሱ። ገጹን ቀጥ አድርጉ። ሁለት ፊት ለፊት ገጾችን በአንድ ምስል አታድርጉ። በስልክ ከሆነ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ተጠቀሙ፣ የራሳችሁ ጥላ ገጹ ላይ እንዳይወድቅ።

ደረጃ 4፦ ሲታይ አማርኛ፣ ሲገለበጥ ዝብርቅርቅ

ይህ የእኛ ልዩ ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ታሪክ ይፈልጋል።

የድሮ ኮምፒውተር ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ አሉ፤ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡም አለ። ከ256ቱ ቦታ ውስጥም ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚይዘው ነበር፤ ስለዚህ ለእኛ ፊደል አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት፣ አንዳንዶቹም በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት። ችግሩ እያንዳንዱ ድርጅት በየራሱ አደራደር መሄዱ ነው። በአንዱ ፎንት የተጻፈ በሌላው አይነበብም።

በመስከረም 1999 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መስፈርት ለእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ "ሀ" የትም ቢሄድ "ሀ" ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ማተሚያ ቤትና መሥሪያ ቤት ለዓመታት በለመደው በድሮው ፎንት ቀጠለ። እስከ ዛሬ በእጃችን ያሉ ብዙ ፋይሎች የዚያ ውርስ ናቸው።

እንዲህ ያለ ፋይል ፒዲኤፍ ሆኖ ሲመጣ ፎንቱ ውስጡ ስላለ ያምራል። ወደ ኢፐብ (ጽሑፉ ከስክሪኑ ጋር ራሱን ወደሚያስማማው የመጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ልቀይረው ስትሉ ግን ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መቀየሪያ ፕሮግራሙን ይወቅሳል። ፕሮግራሙ ያገኘውን ነው ያወጣው።

መፍትሔው ሁለት ነው። በእጃችሁ ያለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ እንደ ፎቶ ቁጠሩት። የውስጡን ጽሑፍ ትታችሁ ዓይን የሚያየውን ገጽ በኦሲአር አስነብቡ፣ በደረጃ 3 እንዳለው። ገጹ ከኮምፒውተር የወጣ ንጹሕ ስለሆነ ውጤቱ ከስካን መጽሐፍ በጣም ይሻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንድ የኦሲአር ፕሮግራም "ይህ ፋይል ጽሑፍ አለው" ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ገጾቹን መጀመሪያ ወደ ምስል ቀይራችሁ ስጡት።

የወርዱ ፋይል ካለ ግን የተሻለ ዕድል አላችሁ። ወርድ ላይ ጽሑፉን ምረጡና የፎንቱን ስም እዩ። ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ የአማርኛ ፎንት ቀይሩት። አማርኛው ወደ ላቲን ከተለወጠ የድሮ ፎንት መሆኑ ተረጋገጠ። የድሮ ፎንቶችን ወደ ዩኒኮድ የሚያዞሩ ነጻ መቀየሪያዎች አሉ፣ የፎንቱን ስም ጠቅሳችሁ ፈልጉ። ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ግማሽ ገጽ ሞክሩ። ሞካሪው ገጽ ውስጥ እነ ቋና ጓ፣ ቁጥር፣ ጥቅስ ምልክትና አራት ነጥብ ይኑሩበት። ቅየራው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ላይ ነው። የላኪው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ያለ መሆኑን አረጋግጣችሁ "በዩኒኮድ አድርገህ ላክልኝ" ማለትም ይቻላል፤ አሳታሚዎች እኛ ካልጠየቅናቸው ልማዳቸውን አይተዉም።

ደረጃ 5፦ ሳጥን የሚያሳይ የንባብ መሣሪያ

የዛሬ አንድሮይድና አይፎን የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት። ሳጥን የሚበዛው ኪንድልና ኮቦን በመሳሰሉ የንባብ መሣሪያዎች ላይ ነው፣ በተለይ ቆየት ባሉት።

ሁለት ጥሩ ነጻ ፎንቶች አሉ። አንዱ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው፤ የብራናን እጅ የሚያስታውስ፣ ለረጅም ንባብ የሚመች ቅርጽ አለው። ጉድለቱ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ደማቅ አርእስት ሲሆን ማሽኑ በግድ ስለሚያወፍረው ይጨማለቃል። ሌላው ኖቶ ነው፤ ሳንስም (ጫፉ ጌጥ የሌለው) ሰሪፍም (ጫፉ ጌጥ ያለው) አለው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም በየደረጃው ይገኛል። ለኢ-ኢንክ፣ ማለትም ለንባብ መሣሪያዎች ግራጫ ስክሪን፣ እኔ ከመደበኛው አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ኖቶ እመርጣለሁ። ግራጫ ስክሪን ላይ ቀጭን ጭረት ይጠፋል፣ በእኛ ፊደል ደግሞ ጭረት ሁሉ ትርጉም አለው። ከጎግል ፎንትስ ስታወርዱ ዚፑ ውስጥ "ስታቲክ" የሚል ፎልደር ካለ ፋይሉን ከዚያ ውሰዱ፤ ሁሉን በአንድ ፋይል የያዘውን ብዙ የንባብ መሣሪያ በደንብ አያውቀውም።

ለኪንድል፦ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት። "ፎንትስ" የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። የፎንቱን ፋይል እዚያ ቅዱና ገመዱን ንቀሉ። መጽሐፉን ከፍታችሁ የፊደል ማስተካከያው ውስጥ ስሙን ምረጡ። ለኮቦም እንደዚሁ ነው፣ ፎልደሩ ከሌለ ግን ራሳችሁ በዚያው ስም ፍጠሩት። ይህ ለፒዲኤፍ አይሠራም። ፒዲኤፍ የያዘውን ፎንት ይዞ ነው የሚኖረው።

መሣሪያው ከውጭ ፎንት የማይቀበል አሮጌ ከሆነ ፎንቱን መጽሐፉ ውስጥ መክተት ነው። ቀጣዩ ደረጃ ያሳያችኋል።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁን ኢፐብ መሥራት

ኢፐብ ከ2007 ጀምሮ የንባብ ፋይሎች የጋራ መስፈርት ነው። ገጽ የለውም። ጽሑፉ ስክሪኑን አይቶ ራሱን ይደረድራል። ፊደሉን ስታተልቁ መስመሩ አብሮ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝና ግራ መጎተት የለም። ሞቢ የሚባለውን ደግሞ እርሱት። አማዞን የሞቢን ባለቤት ድርጅት በ2005 ገዝቶ ኪንድሉን በእሱ ላይ ጀመረ፣ አሁን ግን ራሱ ትቶታል። ከ2022 ወዲህ ኢፐብ ፋይል ሴንድ ቱ ኪንድል በሚባለው የአማዞን መላኪያ በኩል ወደ ኪንድል መላክ ይቻላል።

ሥራው የሚጀምረው ወርድ ላይ ነው። እዚህ ያልጸዳ ነገር ኢፐቡ ላይ አጉልቶ ይወጣል።

የአራት ነጥቡን ጉዳይ አስቀድሙ። ብዙ ጸሐፊ "።" በማለት ፈንታ ሁለት ጊዜ "፡" ወይም ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛውን ":" ይጽፋል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ፕሮግራም ግን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳበቃ አያውቅም። ኮንትሮልና ኤችን ተጭናችሁ ሁሉንም በአንዴ ወደ "።" ቀይሩ። ከነጥቡ በፊት የቀረ ክፍት ቦታ ካለም አጥፉ፤ አለበለዚያ አራት ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ይንጠለጠላል።

ጽሑፉ የድሮ አጻጻፍ ሆኖ በየቃሉ መካከል "፡" ያለበት ከሆነ፣ የጸሎት መጽሐፍ ለምሳሌ፣ ከእያንዳንዱ "፡" በኋላ ክፍት ቦታ አስገቡ። አንዳንድ የንባብ ፕሮግራም "፡" ላይ መስመር ማጠፍ እንደሚቻል አያውቅም። ገጹን ሙሉ አንድ ቃል አድርጎ ይቆጥረውና ጽሑፉ ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ይጠፋል።

ምዕራፉን በፊደል መጠን ብቻ አታድምቁ። የወርድን "ሄዲንግ 1" ስጡት። ማውጫው ከዚያ ነው የሚወጣው። በእጅ የተጻፈ የገጽ ቁጥር ካለ አውጡ። በስፔስ የተገፋ፣ በተደጋጋሚ ኢንተር የተራራቀ ነገር ሁሉ ይወገድ። የፊደሉ ቀለም "አውቶማቲክ" ይሁን። በቋሚ ጥቁር ከተጻፈ፣ አንባቢው ማታ ስክሪኑን ጥቁር ሲያደርግ ጥቁር በጥቁር ላይ ሆኖ ምንም አይታየውም።

ግጥም ለብቻው እንክብካቤ ይፈልጋል። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ነው፤ በጠባብ ስክሪን ላይ ፊደሉ ሲተልቅ ይታጠፋል። የታጠፈው ቁራጭ እንደ አዲስ ስንኝ ይታያል፣ ቤት መምቻውም ይበተናል። መፍትሔው እያንዳንዱን ስንኝ ራሱን የቻለ አንቀጽ ማድረግና "ሃንጊንግ" የሚለውን ገብ ማድረጊያ 1 ሴንቲ ሜትር መስጠት ነው። ያኔ የታጠፈው ክፍል ገባ ብሎ ይጀምራል፣ አንባቢውም የላይኛው ቀጣይ መሆኑን ያውቃል። ግጥም የሚያሳትም ሰው ይህን ቢያደርግ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስንኙ በተሰባበረ መጽሐፍ ላይ ግጥም ማንበብ ያሳዝናል።

አሁን ፋይሉን በዶክኤክስ (በወርድ መደበኛ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡና ካሊበር የሚባለውን የመጽሐፍ መቀየሪያ ፕሮግራም ክፈቱ። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ፋይሉን ጎትታችሁ አስገቡ። "ኢዲት ሜታዳታ" ውስጥ ርእሱን፣ የደራሲውን ስም፣ የሽፋኑን ምስል አስገቡ፤ ቋንቋው አማርኛ ይሁን። ቀጥሎ "ኮንቨርት ቡክስ" በሉ። ከላይ በቀኝ የሚወጣው ፋይል ኢፐብ መሆኑን እዩ።

በዚያው መስኮት "ሉክ ኤንድ ፊል" የሚለው ውስጥ ሁለት ነገር አስተካክሉ። "ኢምቤድ ፎንት ፋሚሊ" በሚለው ኮምፒውተራችሁ ላይ የጫናችሁትን ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ። ወርዱ ላይ የነበረው ፎንት እንዳይጋፋው "ፊልተር ስታይል ኢንፎርሜሽን" ውስጥ ፎንትስ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛው የመስመር አሰላለፍ ነው፤ "ሌፍት አላይን" በሉት።

ስለ ሁለተኛው ምርጫ ብዙ ሰው ይከራከረኛል፤ መጽሐፍ በሁለቱም ወገን ቀጥ ሲል ያምራል ይላሉ። ወረቀት ላይ እስማማለሁ። ስልክ ላይ ግን የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። "እንዳልተመለከቷቸውም" አንድ ቃል ነው። እንደዚህ ዓይነት ሁለት ቃል ብቻ የያዘ መስመር በሁለቱ ጠርዝ ሲወጠር መሃሉ ላይ ሰፊ ጉድጓድ ይከፈታል። የብራና ጸሐፊዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ቃሉን የፈለጉት ፊደል ላይ ቆርጠው፣ ምንም ሰረዝ ሳያደርጉ፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግሩ ነበር። የንባብ ፕሮግራሞቻችን እስካሁን ያንን አያደርጉልንም። ስለዚህ ወደ ግራ መሰለፉ ለዓይን ይሻላል።

ከዚያ "ኦኬ" ነው። ለኪንድል ፎንቱን ከታችሁ ከሠራችሁ፣ መጽሐፉ ሲከፈት የፊደል ማስተካከያው ላይ የአሳታሚው ፎንት የሚለው መመረጥ እንዳለበት አትርሱ። ካልተመረጠ የከተታችሁት አይታይም።

ፒዲኤፍን በቀጥታ ካሊበር ላይ ወደ ኢፐብ መቀየር ግን አልመክርም። እያንዳንዱ መስመር አንቀጽ ሊሆን፣ የገጽ ቁጥሩም ዓረፍተ ነገር መሃል ሊገባ ይችላል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ጽሑፉን ወደ ወርድ አውጥታችሁ አጽዱና ከዚያ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ኢፐብ የማይሆንበት ጊዜ

ሁሉ ነገር ኢፐብ ይሁን የሚል ሰው መዝገበ ቃላት አልሠራም ማለት ነው። የሀሁ ገበታ፣ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ንባብና ትርጓሜ ጎን ለጎን የሚሄድበት ገጽ፣ ሰፊ ሠንጠረዥ፤ እነዚህ አቀማመጣቸው ራሱ ትርጉም ነው። ፒዲኤፍ ይሁኑ።

ለአያት፣ ለእናት፣ ወይም አፕ መጫን ለማይወድ ሰው የምትልኩ ከሆነም ሌላ መንገድ አለ። ለስልክ የተለካ ፒዲኤፍ ሥሩ። ወርድ ላይ የገጹን መጠን 9 በ16 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ህዳጉ በየወገኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፊደሉን 14 ወይም 16 ነጥብ ስጡትና እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጡ። ፎንቱ ውስጡ ይገባል፣ ሳጥን የሚባል ነገር የለም። ቴሌግራም ላይ ተነክቶ ይከፈታል፣ ስክሪኑን ይሞላል፣ ዙም አያስፈልገውም። ፊደሉን እንደ ኢፐብ ማተለቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ተቀባዩን ጠይቃችሁ ለዓይኑ በሚመች መጠን ሥሩለት።

ከሱቅ የተገዛ፣ በቁልፍ የተዘጋ መጽሐፍ ከሆነ ከላይ ያለው አይሠራም። የሻጩ አፕ አማርኛውን በትክክል ካላሳየ ገንዘባችሁን መልሱልኝ በሉ፣ ምክንያቱንም ጻፉላቸው። የአንድን ሕያው ደራሲ ሥራ ሳያስፈቅዱ ወደ ኢፐብ ቀይሮ መበተንም አይገባም። ከዚያ መጽሐፍ የሚበላ ሰው አለ።

ደረጃ 8፦ ከመላካችሁ በፊት ፈትሹ

ኢፐቡን ስልክ ላይ ክፈቱ። ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተልቁት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አሳንሱት። ከጠርዝ የወጣ ጽሑፍ አለ? ስክሪኑን ጥቁር አድርጉት፤ የጠፋ አንቀጽ አለ? ከማውጫው አንድ ምዕራፍ ንኩ፤ በትክክል ይወስዳል? ግርጌ ማስታወሻ ካለ ንኩና ተመለሱ።

ፍለጋውንም ሞክሩ። "ፀሐይ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ "ጸሀይ" ብላችሁ ፈልጉ። አብዛኛው የንባብ ፕሮግራም ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወይም ጸና ፀን እንደ አንድ አያይም። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል በአንድ አጻጻፍ ብቻ መሄዱን አረጋግጡ። አንድ ቦታ "ዓለም"፣ ሌላ ቦታ "አለም" ከሆነ ግማሹ ፍለጋ ላይ አይመጣም።

ቢቻል ከእናንተ የተለየ ስልክ ባለው ሰው እጅም አስሞክሩት። በእናንተ መሣሪያ ላይ ፎንቱ ስላለ የሚታየው ነገር ሌላው ጋ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ዋናውን የወርድ ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ኢፐቡ ላይ ስህተት ሲገኝ የሚታረመው እሱ ላይ ነውና። ለፋይሉ አጭር ስም ስጡት፤ ረጅም የአማርኛ ስም አሮጌ መሣሪያ ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ካሊበር ላይ ያስገባችሁት ርእስ ግን እንዳለ በአማርኛ ይታያል።